ሬዲዮ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ጥላቻ፦ የካልጋሪው ሰባኪ የዊሊያም አበርሃርት ሕይወት

ከካልጋሪ፣ አልበርታ

በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምዕራብ ዊሊያም አበርሃርት የሚባል ሃይስኩል አለ። ወደ ደቡብ ምዕራቡ የከተማዋ ክፍል ሲዘለቅ ደግሞ ኧርነስት ማኒንግ የሚባል ሌላ ሃይስኩል ይገኛል። ከተማዋ የስደተኛ ከተማ ናትና በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ የማያልፍ ወላጅ ጥቂት ነው። ይሁንና አበርሃርት ማን ነበሩ፣ ማኒንግስ ማን ነበሩ ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን መልስ የሚሰጠው ስንቱ ነው?

የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን በየዓመቱ በመጣ ቁጥር ስለ ሂትለር፣ ስለ አውሽቪትስና ስለ ጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ዝምታ ብዙ ይወራል። ወሬው ትክክል ነው፤ ግን ሩቅ ነው። ነገሩ ባሕር ማዶ የተፈጸመ፣ እኛ የምንኖርበትን ምድር ያልነካ ይመስላል። ውድ አንባቢያን፣ እውነቱ እንዲያ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ እጁ፣ የሬዲዮ ማይክሮፎን በሌላው ይዞ ሥልጣን ላይ የወጣ ሰባኪ በዚሁ በካልጋሪ ነበር። የአይሁድ ጥላቻ እንዴት በአማኞች ቤት ጎጆ እንደሚሠራ ለመረዳት የዚህን ሰው ሕይወት መመልከት ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከገበሬ ቤት እስከ ፓላስ ቲያትር

ዊሊያም አበርሃርት ዲሴምበር 30 ቀን 1878 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከጀርመን በመጣ ገበሬ ቤት ተወለዱ። ሥራቸው መምህርነት ነበር። በ1902 ጄሲ ፍላት የተባሉትን ወይዘሮ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። በ1910 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ካልጋሪ መጡ። ያኔ ካልጋሪ ባቡር ያመጣው ሰው በየቀኑ የሚጎርፍባት፣ ገና በመገንባት ላይ ያለች ከተማ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ በተልዕኮ ትምህርት ዲግሪያቸውን ያዙ። ከ1915 ጀምሮ ደግሞ የክሬሰንት ሃይትስ ሃይስኩል ዳይሬክተር ሆነው ለ20 ዓመታት አገልግለዋል።

ሰውየው ግዙፍ፣ ራሰ በራ፣ ድምፃቸው አዳራሽ የሚሞላ ነበሩ። ሥርዓት አጥባቂ መሆናቸውን፣ ሒሳብን እንደ ወታደራዊ ልምምድ ማስተማራቸውን ተማሪዎቻቸው አልረሱትም። እሑድ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነበሩ። በአብያተ ክርስቲያናት የጀመሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰሚው እየበዛ ሲመጣ ወደ ፓላስ ቲያትር ተዛወረ። በኖቬምበር 1925 ሲ.ኤፍ.ሲ.ኤን. በተባለው የካልጋሪ ሬዲዮ መስበክ ጀመሩ። በ1927 የካልጋሪ ትንቢታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም የተባለውን ሕንፃ በ8ኛው አቬኑ ከፈቱ።

የሬዲዮን ነገር ዛሬ ላይ ሆኖ መገመት ያስቸግራል። ክረምቱ ስድስት ወር በሚዘልቅበት ሜዳ፣ ጎረቤት ኪሎ ሜትሮች በሚርቅበት የገበሬ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ድምፅ ይገባል። ድምፁ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ያጽናናል። ሕፃናት በፖስታ የሚላክላቸውን የሰንበት ትምህርት በሺዎች ሆነው ተከታትለዋል። ሰው ያንን ድምፅ ከቤተሰቡ ድምፅ አይለየውም ነበር። ማንም ፖለቲከኛ በገንዘብ የማይገዛውን አመኔታ አበርሃርት በአሥር ዓመት የእሑድ ስብከት አከማቹ።

የሚያስተምሩት ትምህርት ታሪክን በዘመናት የሚከፋፍል፣ ትንቢትን ቃል በቃል የሚተረጉም ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት አይሁድ አንድ ቀን ወደ ፍልስጤም ምድር ይመለሳሉ፤ ከዚያም የክርስቶስ ዳግም ምጽአት ይቃረባል። ስለዚህ አበርሃርት በመድረክ ላይ አይሁድን የሚራገሙ ሰባኪ አልነበሩም። እንዲያውም አይሁድ በእግዚአብሔር ዕቅድ ውስጥ ትልቅ ስፍራ እንዳላቸው ያስተምሩ ነበር። ልብ እንበል፦ በዚህ ትምህርት ውስጥ አይሁዳዊው የዘመኑ ፍጻሜ የሚነበብበት የሰዓት ቆጣሪ ነው። ሰዓት ይታያል፤ እንደ ጎረቤት ግን አይወደድም። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ድርቅ፣ ዕዳና 25 ዶላር

በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አልበርታ ክፉኛ ተመታች። የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ በላዩ ላይ ድርቅና የአቧራ ማዕበል መጣ። ገበሬው ከባንክ የተበደረውን መክፈል አቃተው፤ መሬቱን እየለቀቀ ተሰደደ። የክሬሰንት ሃይትስ ምሩቃን ሥራ አጥተው በባቡር ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ጀመር። ዳይሬክተሩ ይህን በዓይናቸው አይተዋል፤ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነበር። ይህንን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ1932 ክረምት የፈተና ወረቀት ለማረም ወደ ኤድመንተን በሄዱ ጊዜ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ስለ ሶሻል ክሬዲት የሚያወሳ መጽሐፍ ሰጣቸው። ሶሻል ክሬዲት የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የሜጀር ዳግላስ ሐሳብ ነው። ባጭሩ፣ በገበያ ላይ ዕቃ ሞልቶ ሳለ ሕዝብ የሚገዛበት ገንዘብ የሚያጣው ባንኮች ብድርን ስለሚቆጣጠሩ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ ድርሻውን ያከፋፍል ይላል። አበርሃርት በዚህ ሐሳብ ተማረኩ። በእሑድ ስብከታቸው መሐል እያስገቡ ያስተምሩት ጀመር። ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው በወር 25 ዶላር ይሰጣል የሚለው ተስፋ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከማርስ የመጣ እንግዳ የአልበርታን ድህነት አይቶ የሚገረምበት የሬዲዮ ድራማ ሳይቀር አዘጋጁ።

ኦገስት 22 ቀን 1935 በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ63 መቀመጫዎች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። በሥልጣን ላይ የነበረው የገበሬዎች ፓርቲ አንድም መቀመጫ አላገኘም። አበርሃርት ራሳቸው እንኳ ለምርጫው አልተወዳደሩም ነበር፤ መቀመጫ የተለቀቀላቸው በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 3 ቃለ መሐላ ፈጽመው የአልበርታ ፕሪሚየር ሆኑ። በዓለም የመጀመሪያው የሶሻል ክሬዲት መንግሥት ተመሠረተ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 3፣ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ዓለም በሁለቱም ወገን ወደ ጨለማው እየገባች ነበር።

የ25 ዶላሩ ተስፋ ግን አልተፈጸመም። በ1936 የብልጽግና ሰርተፊኬት የተባለ ወረቀት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ከዳግላስ ጋርም ሳይስማሙ ቀሩ። በዚያው ዓመት ሕዝብ ተወካዩን ከሥልጣን ማውረድ የሚችልበትን ሕግ አወጡ፤ በ1937 የገዛ ምርጫ ክልላቸው ሰዎች በዚሁ ሕግ ሊያወርዷቸው ፊርማ ሲያሰባስቡ ሕጉን ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሻር አደረጉት። ተስፋ የሰጠ መሪ ተስፋው ሲከሽፍ ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ አልቻልኩም ይላል፣ ወይ ያደናቀፈኝ አለ ይላል። አበርሃርት ሁለተኛውን መረጡ።

የጋዜጣው ሕግ

በ1937 መጨረሻ የአበርሃርት መንግሥት ትክክለኛ ዜናና መረጃ የሚል ስም የተሰጠው ረቂቅ ሕግ አጸደቀ። ስሙ ያምራል። ይዘቱ ግን ጋዜጦች መንግሥት የሚልክላቸውን ማስተባበያ እንዲያትሙ፣ የዜና ምንጫቸውንና የጸሐፊውን ስም እንዲያጋልጡ የሚያስገድድ፣ እምቢ ያለውንም ከሕትመት የሚያግድ ነበር። እኔ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት በስልክ የሚመጣ ማስተባበያ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አውቀዋለሁ። እርማት ተብሎ ይመጣል፤ ሲታተም ግን ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ላይ ስህተት አይጠፋም፤ የሚጠፋው እውነት ነው።

የአልበርታ ጋዜጦች ግን እጃቸውን አልሰጡም። የንጉሡ ወኪል ጆን ቦወን ሕጉን ሳይፈርሙ ለኦታዋ አሳለፉት። በማርች 1938 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ከክፍለ ሀገሩ ሥልጣን ውጭ ነው ሲል ውድቅ አደረገው። ለዚህ ትግል የኤድመንተን ጆርናል ጋዜጣ ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው፤ ሽልማቱ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ጋዜጣ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ሌሎች የክፍለ ሀገሩ ዕለታዊና ሳምንታዊ ጋዜጦችም የምስክር ወረቀት አገኙ።

ይህ ታሪክ ከርዕሰ ጉዳያችን የራቀ ሊመስል ይችላል። አልራቀም። ስውር ሴራ አለ ብሎ የሚያምን መንግሥት መጀመሪያ የሚጠላው የሚጠይቀውን ጋዜጠኛ ነው። ጥያቄው ራሱ የሴራው ማስረጃ ይሆናልና።

ስም የሌለው ጠላት

አበርሃርት በሬዲዮ የሚወቅሱት ማንን ነበር? ባንኮችን፣ ዓለም አቀፍ ገንዘብ አበዳሪዎችን፣ የካናዳን ሀብት ይቆጣጠራሉ ያሏቸውን ሃምሳ ባለ ሥልጣን ከበርቴዎች። ኢየሱስ ከመቅደስ ያባረራቸውን ገንዘብ ለዋጮች እያነሱ የዘመኑን ባንኮች ከእነሱ ጋር ያመሳስሉ ነበር። አይሁድ የሚለውን ቃል አይጨምሩም። እንዲያውም ጸረ-አይሁድ መሆናቸውን በይፋ አስተባብለዋል። ዕዳ ላንገበገበው ገበሬ የባንክ ወቀሳው ፍትሕ ነበር፤ ባንኮቹም ንጹሐን አልነበሩም።

ችግሩ ሐሳቡ የመጣበት ምንጭ ነው። ሜጀር ዳግላስ የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል የተባለውን ሐሰተኛ ሰነድ ያምንበትና ያሰራጨው ነበር። ይህ ሰነድ በ1903 በሩሲያ የታተመ፣ አይሁድ ዓለምን ለመግዛት ተማክረዋል የሚል ፈጠራ ነው። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 ሐሰትነቱን አንድ በአንድ አጋልጧል። ሆኖም ማመን የሚፈልግን ሰው ማስረጃ አያቆመውም። በዳግላስ ትምህርት ውስጥ ዓለም አቀፍ ገንዘብ አበዳሪ ማለት ውሎ አድሮ አይሁዳዊ ማለት ሆነ። የአበርሃርት ተከታዮች መጽሔቶቹን ያነብባሉ፤ በሬዲዮ ስም ሳይጠራ የተተወውን ጠላት እነሱ ስም ይሰጡት ነበር።

በ1937 ከፓርቲው ሰፈር አንድ በራሪ ወረቀት ተበተነ። የባንክ አሽከሮች ናቸው ያላቸውን ታዋቂ የኤድመንተን ሰዎች ስማቸውን ዘርዝሮ እንዲወገዱ የሚቀሰቅስ ነበር። አንድ የፓርቲው የምክር ቤት አባልና ከዳግላስ ዘንድ የተላከ አማካሪ ተከሰው ታሰሩ። ያ ወረቀት በአይሁድ ላይ ያነጣጠረ አልነበረም፤ ነገር ግን ስም የሌለው ጠላት ስም ሲያገኝ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ አሳይቷል።

በእነዚያው ዓመታት በጀርመን ምኩራቦች ተቃጠሉ። ኖቬምበር 1938 ነበር። በጁን 1939 ሴንት ሉዊስ የተባለች መርከብ ከ900 በላይ የአይሁድ ስደተኞችን ጭና በኩባ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳም ተከለከለች። ወደ አውሮፓ ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በሆሎኮስት አለቁ። ከ1933 እስከ 1945 ካናዳ ያስገባቻቸው የአይሁድ ስደተኞች 5,000 ያህል ብቻ ናቸው። የኢሚግሬሽኑን በር የዘጉት ሹም ፍሬድሪክ ብሌር በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። በአንጻሩ የካናዳ የመጀመሪያዋ ሴት ሴናተር ኬሪን ዊልሰን፣ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ከ1938 ጀምሮ የስደተኞች ብሔራዊ ኮሚቴን እየመሩ በር ክፈቱ ብለው ሲወተውቱ ኖረዋል። መጽሐፉ አንድ ነው፤ አንባቢው ግን ሁለት ዓይነት ነው።

ኢሚግሬሽን የኦታዋ ጉዳይ ነውና በሩን የዘጉት አበርሃርት አይደሉም። ነገር ግን በሜዳው ላይ ከእሳቸው የበለጠ የሚደመጥ ክርስቲያናዊ ድምፅ አልነበረም። ያ ድምፅ የአይሁድን ስደት የእሑድ ስብከቱ ዋና ጉዳይ አላደረገውም። ስለ ገንዘብ አበዳሪዎች ሴራ ግን እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ሜይ 1943

በ1940 በተደረገው ምርጫ አበርሃርት መቀመጫቸው ቢቀንስም እንደገና አሸነፉ። ከትልልቅ ተስፋዎቻቸው ያልተፈጸሙት ቢበዙም የተበታተኑ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ማዋሐዳቸውና ለባለ ዕዳው ገበሬ ከለላ ለመስጠት መጣራቸው በበጎ ይነሳላቸዋል። በሜይ 1943 ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ቫንኩቨር እንደሄዱ በጉበት ሕመም ታመው ሜይ 23 ቀን አረፉ። በ64 ዓመታቸው ነበር። የተቀበሩትም እዚያው አጠገብ በበርናቢ ነው።

ቀኑን እናስተውል። አበርሃርት ከመሞታቸው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በዋርሶ ጌቶ የተነሱት አይሁድ አመፅ በናዚ ጦር ተደምስሶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት አይሁድ በጅምላ እየተጨፈጨፉ መሆናቸውን በይፋ ያስታወቁት በዲሴምበር 1942 ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት ዓለም አላወቀችም ማለት አይቻልም። በአልበርታ ግን ሟቹ የመሠረቱት ፓርቲ ሰዎች አይሁድ ዓለምን ይገዛሉ የሚለውን ጽሑፍ ያነቡና ያስነብቡ ነበር። ፓርቲውን ወክሎ ኦታዋ የገባው ኖርማን ዣክ ያንን ሐሰተኛ ፕሮቶኮል በፌዴራሉ ምክር ቤት ሊያነብ እስከ መሞከር ደርሷል። የሚገደሉትን ገዳይ ናቸው ብሎ መክሰስ ከዚህ ሌላ ምን መልክ አለው?

የደቀ መዝሙሩ ጽዳት

አሁን ወደ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ስም እንምጣ። ኧርነስት ማኒንግ በሳስካችዋን ገጠር ያደጉ ወጣት ነበሩ። የአበርሃርትን ድምፅ በሬዲዮ ሰምተው ወደ ካልጋሪ መጡ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋሙ የመጀመሪያ ተማሪ ሆኑ፤ በአበርሃርት ቤት እንደ ልጅ ኖሩ። በ26 ዓመታቸው ሚኒስትር፣ መምህራቸው ሲሞቱ በ34 ዓመታቸው ፕሪሚየር ሆኑ። የእሑዱንም የሬዲዮ ስብከት ወረሱ።

ከጦርነቱ በኋላ ሶሻል ክሬዲት ቦርድ የተባለው የመንግሥት አካል በ1947 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት የዓለም ሴራን ትረካ ይዞ መጣ፤ ምስጢራዊ የድምፅ አሰጣጥን ሳይቀር ነቀፈ። የካናዳ አይሁድ ኮንግረስ ለዓመታት ሲያሰማ የነበረው አቤቱታ እውነትነቱ ለሁሉም ታየ። ማኒንግ ከሪፖርቱ ራሳቸውን አገለሉ። ጥላቻ የሚሰብኩ ሰዎች በፓርቲው ቦታ እንደሌላቸው አሳወቁ። ቦርዱ በ1948 ፈረሰ፤ የትምህርት ሚኒስትሩ አንስሊ ተሰናበቱ፤ የፓርቲው ጋዜጣ አዘጋጅም ቦታውን ለቀቀ።

ማኒንግ ይህን ያደረጉት በሃይማኖታቸው ነው ወይስ በፖለቲካ ስሌት? በፌብሩዋሪ 1947 በሌዱክ ነዳጅ ተገኝቶ ነበር፤ አልበርታ የውጭ ባለ ገንዘብ ትፈልግ ነበር። ምናልባት ሁለቱም ናቸው። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ የመምህሩን ወንበር፣ ማይክሮፎንና ምእመናን የወረሰ ሰው የመምህሩን ጓዳ ማጽዳት እንደሚችል ማኒንግ አሳይተዋል። ለዚህም መምህሩን መካድ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ በኋላ እስከ 1968 ገዙ፤ በ1996 በካልጋሪ አረፉ።

ይሁንና ጽዳቱ ከላይ ነበር። ኤክቪል በተባለች፣ ከሬድ ዲር በስተ ምዕራብ ባለች ትንሽ ከተማ ጂም ኪግስትራ የተባለ የታሪክ መምህር ከ1968 ጀምሮ ያስተምር ነበር። የሶሻል ክሬዲት አባል፣ አጥባቂ ክርስቲያን፣ በኋላም የከተማዋ ከንቲባ ነበር። ለተማሪዎቹ ሆሎኮስት የፈጠራ ወሬ መሆኑን፣ የዓለም ክፋት ሁሉ ምንጭ አይሁድ መሆናቸውን አስተማረ፤ በፈተናም ያንኑ የጻፈ ጥሩ ማርክ ያገኝ ነበር። ከሥራ የተባረረው በ1982 መጨረሻ ነው፤ ያውም የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ያነበቡ ወላጅ ስለጮሁ። በ1985 በሬድ ዲር ጥፋተኛ ተብሎ 5,000 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 ጥላቻን የሚከለክለው ሕግ በ4 ለ3 ድምፅ ጸና። የዚያ ክፍል ተማሪዎች ክፉ ልጆች አልነበሩም። መምህራቸውን ያመኑ ልጆች ነበሩ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ያገባናል፤ በሦስት ምክንያት።

አንደኛ፣ አብዛኞቻችን ክርስቲያኖች ነን። አይሁድ ክርስቶስን ገደሉ የሚለው ክስ በትውልድ ሁሉ ላይ የሚዞር ዕዳ ተደርጎ ለዘመናት ተሰብኳል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965፣ የካናዳ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1995 (የሉተርን ጸረ-አይሁድ ጽሑፎች በመኮነን)፣ የካናዳ ዩናይትድ ቤተ ክርስቲያንም በ2003 ይህን ዓይነቱን ትምህርት በይፋ ተለይተውታል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናትስ፣ በኦርቶዶክሱም በጴንጤውም፣ ስለ ሕማማት ሲሰበክ የሚሰማው ሕፃን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል? ስለ እስራኤል የምንጸልየውስ እንደ ትንቢት ሰዓት ቆጣሪ እያየናት ነው ወይስ በውስጧ ሰው እንዳለ አስበን? የአበርሃርት ሕይወት የሚጠይቀን ይህንን ነው።

ሁለተኛ፣ በገዛ አገራችን የቤተ እስራኤል ታሪክ አለ። ራሳችንን የሰሎሞን ዘር እያልን፣ ታቦት እያከበርን፣ ልጅ በስምንተኛው ቀን እየገረዝን፣ የኦሪትን ሕግ ከእኛ በላይ የጠበቀውን ጎረቤታችንን ፈላሻ አልነው። በአጼ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው መባሉ ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። መሬት ያጣው ሕዝብ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፤ በማረሻው አርሰን በጀበናው ቡና ጠጣንና ባለ እጁን ቡዳ አልነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ልጅ ይበላል አልን። የአውሮፓው ክርስቲያን አይሁዳዊውን የከሰሰበት ክስ ከዚህ ብዙ አይለይም። በሱዳን በረሃ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ያለቁት ቤተ እስራኤል ወደ 4,000 ይገመታሉ። ከመካከላችን በዚያው በረሃ የተጓዘ፣ በዚያው መጠለያ ያደረ ብዙ ነውና ይህ ቁጥር ባዕድ አይሆንብንም። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ሲወጡ ስንቶቻችን ነን ይቅርታ ብለን የሸኘናቸው? እዚያም ደርሰው በቆዳቸው ቀለም መገፋታቸውን፣ በ1996 የለገሱት ደም በስውር መጣሉን፣ በ2015 እና በ2019 አደባባይ መውጣታቸውን እናውቃለን። የእስራኤልን መንግሥት በዚህም ሆነ በሌላ መውቀስ የማንም መብት ነው። አይሁዳዊን በአይሁዳዊነቱ መጥላት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በሞንትሪያልና በቶሮንቶ በአይሁድ ትምህርት ቤቶች ላይ ጥይት ሲተኮስ የተመታው የማንም መንግሥት አልነበረም፤ የሕፃናት በር ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ የሚቀርበው የሴራው ትረካ ነው። አበርሃርት የጀመሩት ከእውነተኛ ችግር ነበር። ዕዳው እውነት ነው፣ ረሃቡ እውነት ነው። ስህተቱ የገባው ለችግሩ ሁሉ አንድ ስውር እጅ ሲፈለግለት ነው። እኛስ? በየፓልቶክ ክፍሉ፣ ኋላም በፌስቡክና በዩቲዩብ፣ የአገራችንን መከራ ሁሉ ለአንድ ብሔር፣ ለአንድ ሃይማኖት፣ ለጥቂት ስውር ሰዎች ያሸከምንበት ጊዜ ትንሽ ነው? ወገንን አረም፣ ካንሰር፣ ጅብ ብሎ የጠራ አንደበት ከየትኛው ትምህርት ቤት ተማረ? የካቲት 12 ቀን በ1937 አባቶቻችን በአካፋና በዶማ ሲጨፈጨፉ ገዳዩ አስቀድሞ ሰውነታቸውን ክዶ ነበር። በሩዋንዳ በ1994 ሬዲዮ ምን እንደሠራ ዓይተናል። ስም የሌለው ጠላት ብዙ ጊዜ ስም የለሽ ሆኖ አይቆይም። ተናጋሪው ባይሰይመው ሰሚው ይሰይመዋል።

አበርሃርት ሰው አልገደሉም። ጸረ-አይሁድ አይደለሁም ብለው ሞቱ፤ ምናልባትም ከልባቸው ነበር። ድሃን ወደዱ፣ ጸለዩ፣ አስተማሩ። በቤታቸው ጓዳ ጥላቻ ሲከማች ግን አላስወጡትም። ጓዳውን የማጽዳቱ ሥራ ለደቀ መዝሙራቸው፣ ከዚያም የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ላነበቡ አንዲት የኤክቪል እናት ተረፈ።

የአልበርታ መንግሥት በኖቬምበር 2023 የሆሎኮስት ታሪክ በክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆኖ እንዲሰጥ እንደሚያደርግ አስታውቋል። መልካም ነው። እኛ ወላጆች ግን ሥርዓተ ትምህርቱን ብቻ አንጠብቅ። የልጆቻችንን ደብተር እንግለጥ፤ በስልካቸው የሚሰሙትን ሰባኪም እንስማ። በእሑድ ጉባኤያችን፣ በማኅበራችን፣ በምሽት የስልክ ውይይታችን ስም የሌለው ጠላት ሲነሳ ማን ነው፣ ማስረጃህስ የት አለ ብለን እንጠይቅ። ያ ጥያቄ የጋዜጠኛ ብቻ አይደለም፤ የክርስቲያንም ግዴታ ነው።

ቸር ይግጠመን።